የጐማ ነፋስና የዋግ ዳገት

በሰቆጣ ከተማ በሻይ ቤትም ሆነ በጐሚስታ ደጃፍ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «አገራችን ከፍታ ነው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ጐማ በራሱ ጊዜ ይወጠራል፤ ስለዚህ ነፋሱን ቀነስ አድርጎ መሙላት ነው የሚበጀው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መንገዳችን ዳገትና ኮረኮንች ነው፤ ጭነቱም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጐማ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር መነፋት አለበት» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ ጐማውን በጫማው ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «ይኸው፤ ደኅና ነው» ሲል ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ቆንጥረዋል፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ጫማው ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ዳኛ ነው።

«እኔ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ጸሓፊ ነኝ፤ ወይም ገና ተማሪ ነኝ፤ አውቶሞቢል ከየት አምጥቼ ነው ስለ ጐማ የማነበው?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ሆኖም በነሐሴ ለሻደይ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና ወደ ላሊበላ፣ በጥር ለዘመድ ሠርግ በአጎትዎ ወይም በጓደኛዎ አውቶሞቢል ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሕይወትዎን የተሸከሙት እነዚያው አራት ጐማዎች ናቸው። ከዚህም በላይ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በመኪናው በር ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብቦ «አባባ፤ ይኸ እኮ 32 ይላል» ለማለት የሚችለው ብዙ ጊዜ ባለመኪናው ሳይሆን የተማረው ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ እርስዎንም ይመለከታል።

አውቶሞቢልን የሚሸከመው ላስቲኩ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ተሸካሚ በላስቲኩ ውስጥ የታሰረው ነፋስ ነው። የነፋሱ ግፊት የሚለካው በአገራችን ጐሚስታዎች ዘንድ በፒ.ኤስ.አይ. ነው። ይኸውም በአንዲት ካሬ ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ ክብደት ያርፋል ማለት ነው፤ ለአጠራር እንዲመች ከእንግዲህ ፓውንድ ብቻ እንበለው። አሁን አንድ አነስተኛ የቤት አውቶሞቢል ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ ቢመዝን በእያንዳንዱ ጐማ ላይ 300 ኪሎ፣ ወይም 660 ፓውንድ ያህል ያርፍበታል። ጐማው በ33 ፓውንድ ከተነፋ ይህን ሸክም ለመቻል ከመሬት ጋር መነካካት ያለበት 20 ካሬ ኢንች በሚያህል ስፍራ ነው፤ ይህም አንድ የተዘረጋ እጅ የሚሸፍነውን ያህል መሆኑ ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ መሪ ሲጠመዘዝ፣ በዝናብ ቀን ቁልቁለት ሲወረድ መኪናውን ከመንገዱ ጋር የሚያያይዙት እነዚህ አራት እጆች ብቻ ናቸው።

ነፋሱ ወደ 22 ፓውንድ ቢወርድስ? ያው 660 ፓውንድ ለ22 ሲካፈል 30 ካሬ ኢንች ይሆናል። ጐማው ተዘርግቶ ይተኛል፤ ጎንና ጎኑም ያብጣል። «ሰፋ ብሎ መሬት ቢይዝ ምን ይጐዳል?» የሚል አይጠፋም። የሚጐዳው እንዲህ ነው፦ የትንሽ አውቶሞቢል ጐማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም ያበጠው ጎን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ለመበጠስ የፈለገ ሰው እያጠፈ ሲዘረጋው የታጠፈበት ስፍራ እጅ እስኪያቃጥል እንደሚግል ማንኛውም ልጅ ያውቃል። የጐማውም ጎን እንደዚሁ ከውስጥ ይግላል፤ በውስጡ ያሉት ክሮችና ሽቦዎችም ከላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን በረጅም ቁልቁለት ላይ፣ በሞቃት ቀትር፣ መኪናው ሞልቶ ሳለ ጐማው ይፈነዳል፤ ሰዎችም «ያልታሰበ አደጋ» ይሉታል።

ከመጠን በላይ የተነፋው ደግሞ በተቃራኒው መሬት የሚነካበት ስፍራ ይጠባል፤ መካከሉ ብቻ ያልቃል፤ በጠጠር መንገድ ላይ እንደ ኳስ እየነጠረ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። የጐማዎ ሁለት ጠርዞች ቀድመው ካለቁ ነፋስ ሲያጥረው ኖሯል፤ መካከሉ ቀድሞ ካለቀ ሲበዛበት ኖሯል ማለት ነው። ይህን ለማየት መኪና መንዳት አያስፈልግም፤ ከመሳፈር በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ትክክለኛው ልክ ስንት ነው? በጐሚስታው ደጃፍ የሚሰማው ንግግር ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ነው። «ጋሼ፤ ስንት ላድርገው?» «እንደው እንደምታውቀው አድርገው።» ልጁም እንደሚያውቀው ያደርገዋል፤ ለላንድ ክሩዘሩም ለቪትዙም አንድ ልክ ይሰጣል። ልጁ ጥፋት የለበትም። መልሱ ያለው በመኪናው ላይ ነው፤ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በበሩ ጠርዝ ወይም በምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የመኪናውን ክብደት፣ የፍሬኑንና የመሪውን ጠባይ አስልቶ የወሰነው ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለአብዛኞቹ አነስተኛ የቤት አውቶሞቢሎች ከ30 እስከ 35 ፓውንድ መካከል ነው።

ወደ አገራችን ከገቡት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በጃፓን የተሠሩ ስለ ሆኑ ወረቀቷ በጃፓንኛ የተጻፈች ልትሆን ትችላለች። ፊደሉ አያስፈራዎ፤ ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። 220 የሚል ቢያዩ በኪሎ ፓስካል የተሰጠ ነውና በባር 2.2፣ በፓውንድ ደግሞ 32 ማለት ነው። 240 ቢል 35 ይሆናል። ለማስላት ቢፈልጉ ኪሎ ፓስካሉን ለ6.9 ያካፍሉት። አንዳንዱ ወረቀት ሁለት መደብ አለው፤ አንዱ ሁለት ሦስት ሰው ለተሳፈረበት፣ ሁለተኛው ሙሉ ቤተ ሰብ ከነጓዙ ለተጫነበት ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ጐማ ልክም ሊለያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የምወደው አንድ ስሕተት አለ። በጐማው ጎን ላይ በላስቲኩ የተቀረጸ 44 ወይም 51 የሚል ቁጥር ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጐማው ራሱ 44 ይላል» እያለ ያስነፋል። ያ ቁጥር ጐማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ግፊት ነው እንጂ ለመኪናዎ የተመደበው ልክ አይደለም። ጐማ ሠሪው ጐማው በየትኛው መኪና ላይ እንደሚገባ አያውቅም፤ መኪና ሠሪው ግን መኪናውን ያውቃል።

አሁን ወደ ከፍታው ጉዳይ እንመለስ። ከተማሪዎች መካከል የጋዝን ሕግ ለፈተና ብቻ የሚያጠኑ አሉና ይህ ክፍል በተለይ ለእነሱ ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ በዙሪያችን ያለው አየር በእያንዳንዷ ካሬ ኢንች ላይ 14.7 ፓውንድ ይጫናል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሩ ይሳሳል፤ የሚጫነውም 11 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ጐሚስታው የያዘው ጌጅ የሚያሳየው ግን በጐማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። መኪናውን የሚሸከመውም ይኸው ብልጫ ነው። ስለዚህ በምጽዋ ጠረፍ 32 ያነበበ ጌጅና በሰቆጣ 32 ያነበበ ጌጅ አንድ ዐይነት ጉልበት ያለው ጐማ ያሳያሉ። ለከፍታው ብሎ መቀነስም ሆነ መጨመር አያስፈልግም፤ ወረቀቷ 32 ካለች ሰቆጣም ላይ 32 ነው።

«እሺ፤ ሰቆጣ ላይ ተነፍቶ ወደ ቆላ ሲወርድስ?» ቢሉ ጥያቄው የበለጠ ይጥማል። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወይም ወደ አበርገሌ ቆላ፣ የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ወዳለበት አቅጣጫ ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ግድም ይደርሳል። እዚያ የውጭው አየር ከብዶ ወደ 13 ፓውንድ ስለሚጠጋ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር በአንድ ፓውንድ ከግማሽ ያህል ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ግን ቆላው ይሞቃል፤ የሞቀ ነፋስ ደግሞ ይወጠራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚጨምር ይህ ሙቀት ከአንድ ፓውንድ በላይ መልሶ ያመጣል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋግ የሚመጣ ቤተ ሰብም እንደዚሁ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከፍታው ከሁለት ፓውንድ በላይ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ አብዛኛውን ይመልሳል። ደሴ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። እኔ በበኩሌ ይህን ባሰላሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ያ ሁሉ የሻይ ቤት ክርክር በአንድ ፓውንድ ገደማ ልዩነት ላይ የቆመ ነውና።

ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ከፍታው ሳይሆን የጠዋትና የቀትር ልዩነት ነው። በዋግ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከቀትር በኋላ ግን ሰው ጋቢውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ባለፈው ኅዳር ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችን የቆመ አንድ አውቶሞቢል ጐማዎች ለክተን ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አራቱም 32 አነበቡ። መኪናው ከስፍራው ሳይንቀሳቀስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በጥላው በኩል ያሉት ሁለቱ 34፣ ፀሐይ ሲመታቸው የዋሉት ሁለቱ 36 ሆነው ተገኙ። አንድ ተማሪ «ማን ነፋቸው?» ብሎ ሳቀ።

ስሌቱን ለራስዎ ይሞክሩት። ጌጁ ያነበበው 32 ነው፤ የውጭውን 11 ስንጨምርበት 43 ይሆናል። ሙቀቱን ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ጀምረን ስንቆጥር የጠዋቱ 10 ዲግሪ 283፣ የቀትሩ 26 ዲግሪ ደግሞ 299 ነው። 43ን በ299 አባዝተን ለ283 ስናካፍል 45 ከግማሽ ያህል እናገኛለን፤ የውጭውን 11 መልሰን ስንቀንስ 34 ከግማሽ ያህል ይቀራል። በጥላው በኩል የተገኘው ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ የፀሐዩ በኩል የበለጠው ጥቁር ላስቲክ ፀሐይን ስለሚጠጣ ነው። በአጭሩ በየ10 ዲግሪው አንድ ፓውንድ ከግማሽ ነው። መኪናው ከተነዳ ደግሞ ጐማው በራሱ መታጠፍ ስለሚሞቅ ሌላ 4 ወይም 5 ፓውንድ ይጨምራል።

ከዚህ የሚመጣውን አደጋ ልብ ይበሉ። አንድ አባት ልጆቹን ይዞ በቀትር ቆላ ይወርዳል። ጐሚስታ ዘንድ ቆሞ ቢያስለካ 38 ይሆናል። ይደነግጣል፤ «በዛ! አስተንፍሰው!» ይላል፤ እስከ 32 ያስተነፍሳል። በማግስቱ ጠዋት በደጋው ብርድ ያ ጐማ 26 ወይም 27 ነው። ማንም አልለካውም፤ ዐይን ደግሞ አይለየውም፤ የዛሬ ጐማ በ25ም ሆነ በ32 ቢሆን ሲያዩት ያው ነው። በዚያው ላይ አምስት ሰውና ሁለት ጆንያ ተጭኖ መንገድ ይጀመራል። የሞቀ ጐማ በምንም ምክንያት መተንፈስ የለበትም የሚባለው ስለዚህ ነው። በበሩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጐማ ነው፤ ቀዝቃዛ ማለትም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ የነበረ፣ ወይም ቢነዳ ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያላለፈ ሲሆን ነው።

«ጐሚስታው ግን ከቤቴ ሩቅ ነው፤ እዚያ እስክደርስ ይሞቃል» ለሚል መፍትሔ አለው። ጠዋት ከቤትዎ ሳይነሡ በትንሽ የኪስ ጌጅ ይለኩ። 28 ሆኖ 32 የሚያስፈልግ ከሆነ የጐደለው 4 ነው። ጐሚስታው ዘንድ ደርሰው ሞቆ 31 ቢያነብ 35 እንዲያደርገው ይንገሩት፤ በቤትዎ የጐደለውን 4 በዚያው ላይ መጨመር ብቻ ነው። ልጁ ምናልባት ይከራከርዎት ይሆናል። አይስሙት።

የነፋስ ነገር የቀላል ሰው ወሬ ለሚመስለው ሰው በአሜሪካ የደረሰውን ላስታውስ። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ፋየርስቶን የተባለው የጐማ ኩባንያ 6 ሚሊዮን ተኩል ጐማዎች ከገበያ እንዲመለሱ አደረገ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ኤክስፕሎረር በተባለው የፎርድ የቤተ ሰብ መኪና ላይ ነበር። በሙቀት ቀን በፍጥነት ሲነዱ የጐማው ላይኛው ንብር እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጐማው ራሱ ጉድለት ነበረበት። ክርክሩ ግን ስለ ነፋሱም ጭምር ነበር፤ ፎርድ ለዚያ መኪና የመደበው 26 ፓውንድ ሲሆን ፋየርስቶን በበኩሉ 30 ይሁን አለ። አስቀድሞ ዝቅ ያለ ልክ ተሰጥቶ በዚያ ላይ ባለመኪናው ሳይለካ ወራት ሲያልፉ ምን እንደሚደርስ ያን ጊዜ ታየ። በዚህም ምክንያት በወጣው ሕግ መሠረት ከ2007 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ የጐማ ነፋስ ሲጐድል የሚበራ መብራት እንዲኖረው ተደረገ።

ያ መብራት በአገራችን ባሉ አንዳንድ አውቶሞቢሎችም ላይ አለ፤ በፈረስ ጫማ ቅርጽ መካከል ቃለ አጋኖ የተጻፈበት ቢጫ ምልክት ነው። ሲበራ «ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው» ብለው በወረቀት የሚሸፍኑት ሾፌሮች አሉ። ሊበላሽ ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ይለካ። ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ከአራት አንዱ ከጐደለ ነው፤ 32 የነበረው 24 ሲደርስ ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱ አልበራም ማለት ነፋሱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል፤ ጤነኛ ጐማም ቢሆን በወር አንድ ፓውንድ ገደማ ማጣቱ አይቀርም። ከረጅም መንገድ በፊት ግን የግድ ነው። ነሐሴ 16 ለሚጀምረው ሻደይ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ያስቡ፤ አምስት ሰው፣ ለዘመድ የተገዛ ልብስ፣ ከላይ የታሰረ ፍራሽ፣ ክረምት ያራሰው መንገድ። ሲመለሱም ማሩና ጤፉ አለ። የወረቀቷ ሁለተኛ መደብ የተጻፈው ለዚህ ቀን ነው።

ስለ ኮረኮንቹም ልናገር። «በድንጋይ ላይ ለስለስ እንዲል ትንሽ ማስተንፈስ» የሚለው ምክር ከአሸዋ ነጂዎች የመጣ ነው። በአፋር አሸዋ የሚጓዙት በእርግጥ ያስተነፍሳሉ፤ ግን ፓምፓ ይዘው ነው፤ ቀስ ብለው ነው፤ ወደ ደኅናው መንገድ ሲመለሱም መልሰው ይነፋሉ። የተጫነ የቤት አውቶሞቢል ተንፍሶ በስለታም ድንጋይ ላይ ሲሄድ ግን ጎኑ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቀጠቀጣል፤ ጎኑ የተቀደደ ጐማ ደግሞ አይለጠፍም። ለኮረኮንች የሚበጀው ትክክለኛው ነፋስና ዝግ ያለ ፍጥነት ነው።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን አላጋንነውም። አራቱም ጐማዎች በየአንዳንዱ ፓውንድ ሲጐድሉ የነዳጁ ብክነት 0.2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአነስተኛ ደመወዝተኛን ኪስ የሚያራቁተው ያለ ጊዜው ያለቀ ጐማ ነው፤ በዕቁብ ገንዘብ አውቶሞቢል የገዛ ሰው አራት ጐማ አንድ ላይ መለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። በናይትሮጅን አስነፉ የሚሉም አሉ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ለዚያ የሚከፈለውን ገንዘብ ለአንድ የኪስ ጌጅ ማዋል ይሻላል። ጌጅ የራስ ቢሆን መልካም ነው፤ የጐሚስታው ጌጅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ ማንም አይቆጥርለትምና።

ለክተው ሲጨርሱ ጐሚስታው ምራቁን በጣቱ ነክሮ በቫልቩ አፍ ላይ ሲያደርግ አይተው ይሆናል። ቀልድ አይደለም፤ አረፋ ከሠራ ነፋስ ይወጣል ማለት ነው። የሳሙና ውኃም ያው ነው። የቫልቩን ክዳን እንዳይረሳ ይጠብቁት፤ የዋግ አቧራ በዚያች ቀዳዳ ከገባ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም።

ያገለገለ ጐማ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። «2318» ቢል 23ኛው ሳምንት፣ 2018 ማለት ነው። ነገር ግን ይህ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው! በእኛ አቈጣጠር የ2018 ዓ.ም. አዲስ ጐማ መስሎት ደስ ብሎት የሚከፍል አይጠፋም፤ ያ ጐማ የተሠራው ግን በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። በዕድሜ የደረቀና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ላስቲክ በትክክል ቢነፋም አይታመንም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ በየመንገዱ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ እየበዙ ነው። እነዚህ በባትሪው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ በወረቀታቸው ላይ ከ36 እስከ 42 ፓውንድ የሚጠይቁ አሉ። በቪትዝ ልማድ 30 የተሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ገና ከጅምሩ የጐደለው ነው። ብዙዎቹም ስኮርታ ጐማ የላቸውም።

ስኮርታ ያለው መኪና ከሆነ እሱም ይለካ። አምስተኛው ጐማ ከሻንጣው ወለል ሥር ተኝቶ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጎበኘው ይቀራል፤ ሲፈለግም ተንፍሶ ይገኛል። ቀጭን የሆነው ጊዜያዊ ስኮርታ ደግሞ ልኩ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፓውንድ ይፈልጋል፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይም አይነዳበትም። ልኩ በራሱ በጐማው ጎን ላይ ተጽፏል። ታዲያ ይህን ለማንበብ የሻንጣውን ወለል ማንሣት ግድ ስለ ሆነ የሚለካው ማሩና የጤፉ ጆንያ ከመጫናቸው በፊት ነው።